አምስተኛው በመንገድ ላይ ነው

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ፤ ከማታ የተረፈውን ሽሮ አሙቄ ቆሜ በላሁ። ቁጭ ብዬ መብላት ከተውኩ ሰንብቻለሁ፤ ወንበር ላይ ስሆን እግሬ አላርፍ ይላል። ሳህኔን አጥቤ ደረደርኩ። የታጠበውን ብርጭቆ ደግሜ አጠብኩ። ጫማ መደርደሪያው ላይ ካለችው ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን አዝራሬን አንሥቼ ኮሌታዬ ላይ ሰካሁ። ሳህኗ ውስጥ አንድ ሌላ አዝራር ቀረ። በሩን ቆለፍኩ፤ ጥቂት ደረጃ ከወረድኩ በኋላ መቆለፉን ለማየት ተመለስኩ። ተቆልፏል።

ቀኑ መስከረም አሥራ አምስት፣ ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ነበር። ደሴ ላይ ጭጋግ ወርዷል፤ የጦሳ ተራራ ከወገቡ በላይ አይታይም። የኮሌጁ መኪና መታጠፊያው ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። መኪናዋ አምስት መቀመጫ አላት፤ አምስቱም ካልተያዙ አትንቀሳቀስም። ስለዚህ ባልደረባዬ ባምላክ በየጠዋቱ ትልቁን ጥቁር ቦርሳውን አምስተኛው መቀመጫ ላይ አስቀምጦ ቀበቶ ያስርለታል። ቦርሳው ውስጥ አንድ ብሎኬትና ሦስት አሮጌ መጻሕፍት አሉ።

«ዛሬስ ወገቤን ሊቆርጠው ነው» አለ ባምላክ ቦርሳውን እየጎተተ። «ያፌት እንዲህ ከባድ ነበር እንዴ?»

«ኧረ በአላህ፣ አንተ ሰውዬ!» አለች ፈቲያ፤ በክርኗ ጎሸመችው።

«ምን አልኩ? ያፌት እኮ አንድ ጊዜ ጫማ ሊገዛ ገበያ ሄዶ…»

ለቦርሳው ቀበቶ አሰረ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያፌት ጫማ ሊገዛ ገበያ እንደሄደ ሰምቻለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አልሰማሁም። ባምላክ ከፋች ነው። ከፋች ይከፍታል እንጂ አይጨርስም።

አምስት ነበርን። ባምላክ ትምህርቱን ይከፍታል። ፈቲያ አስረጅ ናት፤ ታስረዳለች። እኔ ጠያቂ ነኝ። ያፌት ሰሚ ነበር፤ የተማሪውን መልስ ሰምቶ ልጁ የት ላይ እንደጠፋ ለሌሎቻችን ይነግረናል። ኪሩቤል ቋጪ ነው፤ የተባለውን ጠቅልሎ ትምህርቱን ይዘጋል። አምስታችን አንድ ላይ ስንቆም «ቲቸር» እንባላለን። ለየብቻችን እንዲህ ብሎ የጠራን ሰው የለም። አንድ ሰው ብቻውን ቲቸር ሊሆን አይችልም።

አያቴ ተማሪ በነበረችበት ዘመን አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀት ነበር። «አንዷ ትሠራለች፣ አራቱ ስማቸውን ይጽፋሉ» እያለች ትስቅ ነበር። ድርሻ የሚባለው ሥርዓት የመጣው ያንን ለማስቀረት ነው ይባላል። ሁሉም የራሱን ብቻ ይማራል፤ የሌላውን መማር አይፈቀድም፤ ስለዚህ ማንም ያለ ሌላው ምንም መሥራት አይችልም። መተባበር ግዴታ ሆነ። አዝራሩ ይህንን ይጠብቃል። ሥራ ላይ ከድርሻችን ወጥተን ከተናገርን አንገታችን ሥር ይነዝራል፤ ይመዘገባል። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ከጥያቄ በቀር ሌላ አልናገርም። ምሳ ሳዝ እንኳ «በያይነቱ ብታመጪልኝ ምን ይመስልሻል?» ነው የምለው። አስተናጋጇ ለምዳዋለች።

ያፌትን ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን ቀበርነው። ባሌ ነበር። ለቅሶው ላይ ባምላክ ማጽናናት ጀመረ፤ ፈቲያ ሐኪሞቹ ያሉትን ለመጣው ሰው ሁሉ አስረዳች፤ ኪሩቤል «እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይባላል» ብሎ ቋጨ። እኔ ስንት ሰዓት ላይ እንደነበረ ሐኪሙን ጠይቄ ነበር። ሁሉም ድርሻውን ተወጣ።

ኮሌጁ በር ላይ ስንደርስ አራት መዳፍ በሰሌዳው ላይ አሳረፍን። ሰሌዳው «አምስተኛው?» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሁለት ቃላት ብልጭ አሉ፤ «አለ» እና «በመንገድ ላይ»። ሦስተኛ መልስም አለ፤ እሱ ግን በጣት አይነካም። ከአራቱ አንዱ በራሱ ድምፅ መናገር አለበት። ያን የተናገረ አምስት ይበተናል፤ እያንዳንዱም ሰው የጎደለበት ሌላ አምስት ወዳለበት ይላካል። ዲኑ ለቅሶ ደርሷል፤ እንባውንም አይቻለሁ። ቢሆንም ለበሩ እስካልተነገረ ድረስ እሱም አላወቀም ማለት ነው። «እስከ ፈተናው ድረስ» ብሎኝ ነበር በጆሮዬ።

«በመንገድ ላይ» የሚለውን ነካሁ። አርባ ስድስተኛ ጊዜዬ ነበር። በሩ ተከፈተ። ባልደረቦቼ ይህን ሥራ ለእኔ ትተውልኛል፤ በየጠዋቱ ጣቴን ስዘረጋ ሦስቱም ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያሉ።

በእኛ ሥር አምስት እጩ መምህራን ነበሩ። ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ቀን በእውነተኛ ሕፃናት ፊት ቆመው ይፈተናሉ። ውጤቱ አንድ ነው፤ አምስቱም ያልፋሉ፣ ካልሆነም አምስቱም ይወድቃሉ። የወደቀ ዳግመኛ አይቀመጥም። ከፋቹን ባምላክ ያሠለጥናል፣ ጠያቂዋን እኔ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሰሚን የሚያሠለጥነው ሰሚ ብቻ ነው። የእጩዎቹ ሰሚ ኢክራም ትባላለች፤ የሐይቅ ልጅ ናት፤ በአምስቱ ውስጥ እንደ እሷ የሚያወራ የለም። አዝራራቸውን ሲያወልቁ ከፋቹ ያብስራ ይለክፋታል።

«አንቺን ሰሚ ያደረገ ሰው ራሱ አይሰማም» ይላታል።

«አንተን ከፋች ያደረገህ ደግሞ በር ሳይከፈትለት የቀረ ሰው ነው» ትለዋለች።

ይስቃሉ። ከሐምሌ ወዲህ ግን ሳቃቸው አጭር ሆኗል። አራቱ ወደየአሠልጣኞቻቸው ሲገቡ ኢክራም ብቻዋን ወደ ሰሚ ክፍል ትገባለች። በምዝገባው መሠረት ሰሚ ያፌት በመንገድ ላይ ስለሆነ ክፍለ ጊዜዋ አልተሰረዘም። ገብታ መቀመጥ አለባት።

በዚያ ጠዋት በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል መተላለፊያው ላይ እመላለስ ነበር። አሁን አሁን ባዶ ሰዓቴን የማሳልፈው እንዲህ ነው፤ ከመስኮቱ እስከ ደረጃው ሰባ ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ መመለስ። የሰሚ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ኢክራም አዝራሯን አውልቃ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታለች። ከፊቷ ያለው ወንበር ባዶ ነው። በዚያ በር ሁለት ወር ሙሉ ዓይኔን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው ያለፍኩት። ገባሁ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

ቀና አለች። ግንባሯ ላይ የጠረጴዛው ጠርዝ መስመር ሠርቷል። «እየሰማሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ምንም። የሚሰማ ነገርማ የለም።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ሰሚ ያፌት ሰኔ ላይ ምን አሉኝ መሰለዎት? ‹እስካሁን ዝም ማለት ነው የተማርሽው፤ ዋናውን ከክረምት በኋላ እነግርሻለሁ› አሉኝ። ዋናው ምንድን ነው? እርስዎ ያውቃሉ አይደል?»

ዋናውን ከሃያ ስድስት ዓመት ኑሮ አውቀዋለሁ። አፌን ከፈትኩ። አዝራሩ አንገቴ ሥር ዝም ብሎ ይጠብቃል።

«ዋናው ምን ይመስልሻል?» አልኩ።

«ውይ! ጥያቄ በጥያቄ!» ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። «ጠያቂ ሃሴት፣ እኔ ብወድቅ እኮ አራቱም ይወድቃሉ። ያብስራ እናቱ ቤታቸውን አከራይተው ነው ያስገቡት። ይቀልዳል እንጂ ሌሊት እንደማይተኛ አውቃለሁ። አራት ሰው ትከሻዬ ላይ ቁጭ ብሏል። እኔ ደግሞ እዚህ ከወንበር ጋር እውላለሁ!»

መሄድ ነበረብኝ። በሩ ጋ ደርሼ ነበር። ተመለስኩና ግድግዳው ላይ ያለውን የተቀረጸ የሕፃናት ድምፅ ከፈትኩ። ከሠላሳ ሁለት ላይ አሥራ ሰባት ሲቀነስ ስንት ይሆናል ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ነው። ልጁ ያጉረመርማል፣ እርሳስ ይፋቃል፣ ከዚያ «ሃያ አምስት» ይላል።

«ተሳስቷል» አለች ኢክራም። «አሥራ አምስት ነው።»

«እሱን እኔ ጠየቅሁሽ?»

ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ልጁ መጀመሪያ የጠራው ቁጥር የትኛው ነው?»

ድምፁን መለሰችው፤ ጆሮዋን አስጠጋች። «ሰባት።»

«ቀጥሎስ?»

«ሁለት… ሰባት፣ ሁለት፣ አምስት ይላል።» ቆመች። «ከሁለት ላይ ሰባት አልነሣ አለው። ስለዚህ ገለበጠው! ከሰባት ላይ ሁለትን ነሣ። ከሦስት ላይ ደግሞ አንድን። ሃያ አምስት!» ጠረጴዛውን መታችው። «ልጁ መቀነስ ያውቃል እኮ! የማያውቀው መበደርን ነው።»

«ታዲያ ተሳስቷል የምትዪው ለማነው?»

«ለማንም» አለች ኢክራም። «ለአስረጅዋ ‹መበደር ላይ ነው ያለው› ብዬ ነው የምነግራት።»

አዝራሬ አልነዘረም። የተናገርኩት ሁሉ ጥያቄ ነበር። በማግስቱ በዚያው ሰዓት መጣሁ። ከዚያም በየቀኑ። የመተላለፊያው እርምጃ ቀረ። ለኢክራም ምንም አልነገርኳትም፤ ጠየቅኳት እንጂ። ልጅቷ የቆመችው ጨርሳ ነው ወይስ ፈርታ? ይህ ልጅ መልሱን ከሰው ሰምቶ ነው ወይስ ራሱ ሠርቶት? አንዳንድ ቀን ትሰለቻለች፤ ራሷ ስለ ሐይቅ፣ ስለ እህቷ፣ ስለ ያብስራ ማውራት ትጀምራለች። እሷ ስታወራ እኔ እቀመጣለሁ። እግሬ እዚያ ወንበር ላይ ያርፍ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ያፌት ቤት ውስጥ ሰው ሲሰማ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ተናጋሪው ሲያቆም መዳፉ ከቦታው አይነሣም፤ አመልካች ጣቱ ብቻ ትንሽ ብድግ ትላለች። ቀጥይ ማለቱ ነው። ጨርሻለሁ ብዬ ዝም ካልኩ በኋላ ነበር ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣልኝ። ኮሌጅ ውስጥ ግን እንዲህ አድርጎ አያውቅም፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። አንድ ጊዜ ለምን ብዬ ስጠይቀው «ይሄ የቤት ነው» አለኝ።

ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ቀን ጭጋግ አልነበረም። በሩ ጠየቀ፤ ነካሁ፤ ተከፈተ። በአቅራቢያው ካለው ትምህርት ቤት ሃያ አምስት ሕፃናት መጡ። ከዋና ከተማ የመጣችው ታዛቢ ከኋላ ተቀመጠች። ሶልያና ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የደሴ ብርድ ይዟት ትስላለች። እኛ አራታችን ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን።

አምስቱ እጩዎች ሲገቡ ሕፃናቱ ተነሥተው «እንደምን አደሩ ቲቸር!» አሉ። ያብስራ ከፈተ። አስረጅዋ አንድ ዳቦ ለሁለትና ለሦስት ሲቆረጥ አሳየች። ጠያቂዋ፣ የእኔ ልጅ፣ ከፊት ወንበር አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አስነሣች።

«አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ፤ የቱ ይበልጣል?»

«አንድ ሦስተኛ» አለች ልጅቷ። ሌሎቹ ሳቁ። ልጅቷ ጫማዋን ማየት ጀመረች።

ኢክራም ሄዳ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠች። ምንም አልተናገረችም። መዳፏን ዴስኩ ላይ ዘረጋች። ያብስራ ከንፈሩን ይነክሳል። ደቂቃው ረዘመ። ከዚያ የኢክራም አመልካች ጣት ከዴስኩ ትንሽ ብድግ አለች።

ግድግዳው ላይ ያለው እጄ በረደኝ።

«ምክንያቱም…» አለች ልጅቷ። ጣቷን አየች። «ለሁለት ሲቆረጥ ሁለት ሰው ነው የሚበላው። ለሦስት ሲቆረጥ ግን ሦስት ሰው ይበላል። ሦስት ይበልጣል።»

ማንም አልሳቀም። ኢክራም ወደ አስረጅዋ ዞረች። «ቁራሹን ሳይሆን የሚበላውን ሰው ነው የቆጠረችው። ልክ ናት። ቁራሹን እንድታይ አድርጊያት» አለች። አስረጅዋ ቁራሾቹን አጠገብ ላጠገብ አኖረቻቸው። ልጅቷ አየች፤ «እንዴ!» አለች። «ሰው ሲበዛ ቁራሹ ያንሳል!» ቋጪው ይህንኑ ራሷ ያለችውን ሰሌዳው ላይ ጻፈ።

ፈቲያ ከጎኔ ሆና «ሱብሃነላህ» አለች በሹክሹክታ። ሕፃናቱ ከወጡ በኋላ ያብስራ ኢክራምን አንሥቶ አሽከረከራት። «ወይኔ ጥሩምባዬ! ዝም ስትይ እንዴት ያምርብሻል!» አላት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ታዛቢዋ አራታችንን አስጠራችን። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ልጅቷ በጣም ጎበዝ ሰሚ ናት» አለች። «እንደ እሷ ያለ ዘንድሮ አላየሁም።»

«አልፈዋል ማለት ነው?» አልኩ።

«አንድ ነገር ብቻ ላጣራ ብዬ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ግድግዳው ላይ ምስል መጣ። የኢክራም መዳፍ ነው፤ አንድ ጣት ተነሥታለች። ከጎኑ ሌላ እጅ መጣ። ደም ሥሩ የወጣ፣ ቀለበት ያለው የሴት እጅ። እሱም ላይ አንድ ጣት ተነሥታለች።

«ይህ የእርስዎ ነው» አለች ታዛቢዋ። «ሰሚ ክፍል ውስጥ፣ ጥቅምት ሦስት ቀን። በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አሥራ አራት ጊዜ አንሥተዋታል።»

እጄን አየሁት። አንድ ወር ሙሉ አፌን ስጠብቅ እጄን አልጠበቅሁትም። አዝራሩ እጅ አይሰማም። እኔም አልሰማሁትም።

«ይህ የሰሚ ሥራ ነው» አለች፤ ሳለችና ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እጩዋ ይህን ከጠያቂ ከተማረች ድርሻ ተሻግሯል፤ አምስቱም ይወድቃሉ። ከሰሚ ያፌት ከተማረችው ችግር የለም። ግን በሰሚ ያፌት ትምህርቶች ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፤ በመዝገቡ ያለውን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ምስል አይቼ አንድ ቦታ እንኳ የለም። እሳቸውን ራሳቸውን ልጠይቅ ብል ደግሞ…» የያዘችውን ዝርዝር አየች። «ከሐምሌ አሥራ አራት ጀምሮ በመንገድ ላይ ናቸው። ስልሳ ዘጠኝ ጠዋት። ከየት ነው የሚመጡት?»

ቀልዷን አልነበረም። መልሱን ለመጻፍ ተዘጋጅታ ታየን ነበር።

«እንግዲህ መንገዱ…» አለ ባምላክ። ከዚያ ወዲያ መሄድ አልቻለም።

«በክረምቱ ከባድ ዝናብ ነበር» ብላ ፈቲያ ማስረዳት ጀመረች፤ ምን እንደምታስረዳ ጠፋትና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

በመስኮቱ አምስቱ እጩዎች ግቢው ውስጥ ይታያሉ። ሣሩ ላይ ተቀምጠው ለፈተናው የተቆረጠውን ዳቦ ይበላሉ። ኢክራም ታወራለች፤ አራቱ ይሰማሉ። ያብስራ በጀርባው ተንጋሎ ፀሐይዋን ዓይኑን ጨፍኖ ይሞቃል።

«ድርሻ የሌለው ሰው ድርሻ ሊሻገር ይችላል?» አልኩ።

ታዛቢዋ አሰበች። «አይችልም። ግን ድርሻ የሌለው አሠልጣኝ የለም።»

«አምስቱ የጎደለ አሠልጣኝስ?»

«እሱ ድርሻ የለውም» አለች። «ድርሻ የሚኖረው አምስት ሲኖር ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያጣው? ለበሩ ከተነገረበት ቀን ነው ወይስ ከጎደለበት?»

«ከጎደለበት ቀን።» ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው፤ ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ ሳይገባት አልቀረም። «ጎዶሎ ቡድን ያስተማረው ትምህርት ተብሎ አይመዘገብም፤ እገዛ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። እገዛ አይከለከልም። እጩዎቹ በራሳቸው ባሳዩት ይመዘናሉ ማለት ነው።»

«ባሳዩት ከተመዘኑስ?»

«ዛሬ ያሳዩትንማ አይተነዋል» አለች። «ግን ምዝገባው በመንገድ ላይ ነው የሚለው። የሚታረመው በድምፅ ብቻ ነው። ከታረመ ደግሞ እናንተ…»

አልጨረሰችውም። ማን ወዴት እንደሚላክ አራታችንም እናውቃለን። ባልደረቦቼን አየኋቸው። ባምላክ ጣሪያውን ያያል። ፈቲያ አንገቷን ነቀነቀች። ኪሩቤል መነጽሩን አወለቀ።

«ይበቃል፣ ሃሴት» አለ። የቋጪ ቃል ነው፤ አዝራሩ አልነዘረም።

ቆሜ ነበር። እግሬ ወደ በሩ ሊሄድ ይፈልጋል። በመስኮቱ የኢክራም ሳቅ ይሰማል። ለሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሕንፃ ውስጥ በጥያቄ ምልክት ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ከሐምሌ ጀምሮ ደግሞ በቤቴም፣ በመንገድም፣ ለማንም ይህን ቃል አልተናገርኩም። ቀብሩ ላይ እንኳ አልተናገርኩትም።

«ያፌት የለም» አልኩ። «ሐምሌ አሥር ቀን ሞቷል።»

ንዝረቱን ጠበቅሁ። አዝራሩ ዝም አለ። ድርሻ አልነበረኝም።

ታዛቢዋ ጻፈች። ከዚያ ተነሥታ ሁለት እጇን ዘርግታ እጄን ያዘችኝ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች። ይህን የምትለኝ በመዝገቡ ላይ አሁን ስለሞተ ነበር።

አዝራራችንን መለስን። ወደ ቤት ለመሄድ መኪናዋ የምትቆምበት ስንደርስ ቦርሳውን መሬት ላይ አራግፋ፣ በሯን ዘግታ ሄዳለች። ባምላክ ጥቁር ቦርሳውን ከፈተ፤ ብሎኬቱን አውጥቶ አጥሩ ሥር በቀስታ አስቀመጠው፤ እጁን በሱሪው ጠረገ። ቁልቁለቱን በእግራችን ያዝነው። ኢክራም ሮጣ ደረሰችብን። አልፋችኋል መባሉን ሰምታለች፤ እንዴት እንደሆነ ግን አልተነገራትም።

«ጠያቂ ሃሴት፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለች እያለከለከች። «የጣቷ ነገር፣ እሷ ነበረች ዋናው?»

«አዎ» አልኳት። «የያፌት ናት። የቤት ነበረች።»

አየችኝ። ጥያቄ ያልሆነ መልስ ከእኔ ሰምታ አታውቅም። ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝና ወደ ጓደኞቿ ተመለሰች።

ፒያሳ ልንደርስ ስንል ባምላክ ድንገት ቆመ።

«ጫማ ሊገዛ ገበያ ሄደ» አለ። «ሻጩ ወሬ ጀመረለት። ስለ ሚስቱ፣ ስለ በቅሎው፣ ስለ ወንድሙ። ያፌት ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ሰማ። ጫማውን ሳያይ ከፍሎ ወጣ። ቤት ሲደርስ ሁለቱም የግራ ናቸው።»

«ለምን አልመለሳቸውም?» አልኩ።

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ብመለስ ሻጩ የቀረውን ሊነግረኝ ነው› አለኝ።»

ያን ያህል የሚያስቅ አልነበረም። ኪሩቤል ግን ሳቀ፤ ፈቲያም ሳቀች፤ መንገድ መሐል ቆመን ሳቅን። ከዚያ በየአቅጣጫችን ተለያየን። በሳምንቱ ባምላክ ወልድያ፣ ፈቲያ ኮምቦልቻ፣ ኪሩቤል ሰቆጣ ተመደቡ። ለጠያቂ ቦታ አልተገኘም፤ ጠያቂ በዝቷል ተብሎ ተጻፈልኝ። ኢክራምና አራቱ ጓደኞቿ ሐይቅ ያለ ትምህርት ቤት ደረሳቸው። ሕፃናቱ በየጠዋቱ ተነሥተው «እንደምን አደሩ ቲቸር» ይሏቸዋል።

ያን የፈተና ዕለት ማታ ቤት ገብቼ ሽሮ አሞቅሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና በላሁ። ከዚያ መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ የዕለቱን ነገር ከጠዋቱ ጀምሮ ተናገርኩ፤ በሩን፣ ልጅቷን፣ ዳቦውን፣ የግራ ጫማዎቹን። ጨርሻለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ጠበቅሁ።

ጫማ መደርደሪያው ላይ ያለችው ሳህን ውስጥ የእኔ አዝራር የለም። ከጠረጴዛው ማዶ ያፌት የለም።